የእንግዶቹ ምርጥ ዓመት

ጥቅምት 4

ሙሉ ቀን ነጭ። ከሦስት በርሜል የተቀዳ ነጭ ቀለም፣ በካርቶን ተቀብቶ፣ ከናሙናው ጎን ተደርድሮ... አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል ብዬ መለስኩት። የማደባለቂያው ሠራተኛ ተናደደ። "ነጭ ነጭ ነው፣ ምን ይፈለጋል?" አለ። ለእሱ እውነቱን ነው። እኔ ግን በዚህ የቀለም ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ደመወዝ የበላሁት ነጭና ነጭ እንደማይመሳሰል ስለማውቅ ነው።

ከሥራ በቀጥታ ጋሼ ቤት። ታላቅ ወንድሜ ትምህርት ቤት መሄድ ካቆመ ዛሬ ሁለት ሳምንቱ። ጠመኔው ከእጁ እየወደቀ አስቸገረው። የሒሳብ አስተማሪ ጠመኔ መያዝ ካቃተው ምን ቀረው? ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮናል፣ እዚህ ግን አልጽፈውም። ጡንቻ እያደከመ የሚሄድ ነው። ከእጅ ይጀምራል። መድኃኒት የለውም። በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ሲጠየቅ "እንደ ሰዉ ነው፣ ከአሁኑ መናገር አልችልም" አለ።

እሱ ስለ በሽታው ትንፍሽ አላለም። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ "እታለም፣ ያንን ክርክራችንን እንቋጨው" አለኝ። አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ጥቅምት 5

ምሳ ሰዓት ላይ ሳስበው ሳቄ መጣ። ደግሞ አለቀስኩ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ክርክሩ እንዲህ ነው። እኔና ጋሼ በእጅ የምትያዝ የጌም ማሽን አለችን፣ "ትንሿ" እንላታለን። ስድስት ዓመት ጌም ሲሠራላት ቆየ፣ ከዚያ አዲስ ማሽን ወጣና ዓለም ረሳት። እኛ አልረሳናትም። አንዳንዱን ጌም ማሽኗን የሠራው ኩባንያ ራሱ ነው የሠራው፣ "የባለቤት" እንለዋለን። ሌሎች ድርጅቶች የሠሩላት ደግሞ "የእንግዳ" ነው። በባለቤቶቹ ተጣልተን አናውቅም፣ ሁሌም ጥሩ ናቸው። ጋሼ "ባለቤትማ የቤቱን ማዕዘን ያውቀዋል፣ ቁም ነገሩ እንግዳው ምን ይዞ መጣ ነው" ይላል። እና ለእንግዶቹ ጌሞች ከስድስቱ ምርጡ ዓመት የትኛው ነበር?

እሱ አንደኛው ይላል። ማንም ደንቡን የማያውቅበት፣ ሁሉም የመጣለትን የሞከረበት ዓመት። እኔ አራተኛው እላለሁ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሸሽተው፣ ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ጠባብ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች የገቡበት። እነዚያ የሚያጡት ነገር አልነበራቸውም፣ ስለዚህ አላጭበረበሩም።

እውነቱን ለራሴ ልጻፈው። አራተኛው ዓመት ትዳሬ ፈርሶ በጋሼ ሳሎን ሶፋ ላይ የተኛሁበት ዓመት ነው። በየቀኑ አዲስ ጌም ይዞልኝ ይመጣና "ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ሞክሪው" ይለኝ ነበር። ክርክሩ ያኔ ተጀመረ። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። አንድም ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ባይከራከረኝ ኖሮ ያን ጊዜ ከሶፋው የምነሳ አይመስለኝም።

ጥቅምት 8

ደንቡን አወጣ። ከየዓመቱ አምስት የእንግዳ ጌም። መራጭ እኔ፣ ተጫዋችና ፈራጅ እሱ፣ ማርክ ከአሥር። እኔ ለምን አልፈርድም? "አንቺ የካርቱን ድመት ያስለቅስሻል፣ ለዳኝነት አትሆኚም።" እሑድና ረቡዕ። ለአንድ ዓመት ሁለት ሳምንት፣ ከአንደኛው ጀምረን በተራ እስከ ስድስተኛው። ሠንጠረዡን በሚሊሜትር ወረቀት አሰመረ። ማስመሪያው ሦስት ጊዜ ሸሸው። ላግዝህ ብለው ገላመጠኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩት። ሚስቱ፣ እትዬ የምላት፣ ከወጥ ቤት ሆና ሳቀች። በዚህ ቤት ሳቅ ከሰማሁ ወር ሆኖኝ ነበር።

መጀመሪያ ባቡሮቹ። ሐዲድ እያስቀየሩ ባቡሮቹ እንዳይጋጩ የሚደረግበት ጌም። ክርኑን ትራስ ላይ አስደግፎ... እንዴት እንደሚጫወት! አሥራ አራት ባቡር አንድ ጣቢያ አስገባ። ዘጠኝ ሰጠው።

ጥቅምት 18

የአንደኛው ዓመት አማካይ 8.8። "መጀመሪያውኑ ነግሬሻለሁ" አለ። ገና አምስት ዓመት ይቀራል፣ ተረጋጋ አልኩት።

ኅዳር 2

ሁለተኛው ዓመት፣ 8.0። ምክንያቱን እንደ ክፍል ውስጥ ዘረዘረልኝ። እንግዶቹ አንደኛው ዓመት ላይ የተሸጠላቸውን አይተው ያንኑ ደግመው መጡ። "ቁጥር ሁለት" እያሉ። ይሄ እንኳ ትክክል ነው፣ እኔም እስማማለሁ።

ሥራ ላይ አረንጓዴ። አይመቸኝም አረንጓዴ።

ኅዳር 16

ሦስተኛው ዓመት፣ 7.2። የድርቅ ዓመት ነው። ማሽኗ አትሸጥም ተብሎ እንግዶቹ የሸሹበት። አምስት ለመምረጥ እንኳ ተቸግሬያለሁ። ዓሣ የማጥመጃው ጌም ላይ መስመሩን በሰዓቱ አልስብ አለውና ስድስት ሰጠው። "የቁልፉ አሠራር ጭቃ ነው" አለ።

ራት ላይ እትዬ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችው። ሳይጠይቃት። እሱም ተቀብሎ በላ። ሁለቱም እንዳላየሁ አደረጉኝ፣ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩላቸው።

ኅዳር 20

ዛሬ የእኔ ዓመት ተጀመረ! ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ዝላይ ላይ ነው፣ ሠርግ የተጠራሁ ነው የምመስለው።

ድመቷን አስቀደምኳት። ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለች የምትሄድ ድመት፣ ሦስት እህትማማቾች የሠሯት። ዝላይዋ በአውራ ጣት አጫጫን ልክ ነው፣ ትንሽ ከዘገዩ ትወድቃለች። ወደቀች። ደገመ፣ ወደቀች። ሠላሳ ጊዜ ይሆናል... "ዝላይዋ አልተለካም፣ የአማተር ሥራ" አለኝ። አምስት! ለድመቷ አምስት! ልጣላ ከእሱ ጋር?

ኅዳር 30

ተጣላን። አራተኛው ዓመት 5.8። ከድርቁ ዓመት በታች! ጮኽኩበት። እልህህ ዓይንህን ጋረደው፣ ከመጀመሪያውም እንድትጥለው ወስነህ ነው አልኩት። ደስ አለው እንጂ አልተከፋም። "ቁጥር አይዋሽም እታለም" እያለ ሲያሾፍ ጉንጩ ሁሉ ቀላ። በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ነገሩን ሳስበው ንዴቴ ደስ አለኝ። ጤነኛ ሰው ላይ ነው እንዲህ የሚናደዱት።

ታኅሣሥ 8

የአምስተኛው ዓመት ግማሽ ላይ ነን፣ ማርኮቹ ሁሉ ከአምስት አያልፉም። ዓመቱ በእርግጥ መጥፎ ነው፣ ርካሽ ጌም በጆንያ የፈሰሰበት። ግን ሁሉም? ከእነዚያ መሃል የወጣችውን የደብዳቤ አዳይዋን ጌም እሱ ራሱ ያደንቃት ነበር። ትናንት ሦስት ሰጣት። "ቁልፎቹ ሳይደርቁ አይቀርም፣ አሳዪያት" አለኝና ትንሿን ለጠጋኝ ወሰድኳት።

ጠጋኙ ፈትቶ ጠራረጋት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በመለኪያ ነካ። "ማሽኗ ጤነኛ ናት፣ ምንም የላትም" አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ለጋሼ አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት አላውቅም... አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 9

አለቃዬ አዲስ ሠራተኛ አምጥቶ አስተምሪያት አለኝ። በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ጸጥ ያለች ሴት። ካርቶኖቹን በመጡበት ተራ መደርደር ስትጀምር ከለከልኳት። በውዢ፣ መጀመሪያ አቀላቅዪ አልኳት። ለምን አለችኝ። "ዓይን እየቆየ ይደክማል። በተራ ካየሽው የመጨረሻው ሁሌ የከፋ ይመስልሻል፣ ቀለሙ ምንም ሳይሆን" አልኳት።

ብዬ ቆምኩ። ካርቶኑ በእጄ እንዳለ። "አመመሽ?" አለችኝ።

በተራ ነው ያጫወትኩት። ከአንደኛው ወደ ስድስተኛው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው እንዳይሠራው የምከለክለውን ስህተት ከገዛ ወንድሜ ጋር ተቀምጬ ሠራሁት። ጌሞቹ አልከፉም። ወረቀቱ ላይ በየሁለት ሳምንቱ የሚወርደው የእሱ እጅ ነው። እሱ ምክንያት ሲሰጠኝ አመንኩት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ምክንያት ሲሰጠኝ አምነዋለሁ። ማመኑ ይሻለኝ ነበርና ነው እንጂ ዳቦ የሚቆረስለት ሰው እጁ እንደማይጫወት ማን ያጣዋል?

ታኅሣሥ 11

ለእትዬ ነገርኳት፣ ወጥ ቤት፣ የቧንቧውን ውኃ ከፍተን። እጆቿን በፎጣ አደረቀች። ከዚያ "ተይው፣ ያሸንፍ። ሌላ ምን ቀረው?" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሳሎን ተመልሼ ለሚቀጥለው ጌም አራት ሲሰጥ ጻፍኩ። አሁን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ እርሳሱን ትቶልኛል።

ታኅሣሥ 14

አምስተኛው ዓመት፣ 4.4።

ታኅሣሥ 28

አለቀ። ስድስተኛው ዓመት፣ 2.8።

በስድስተኛው ዓመት የቀሩት እንግዶች ጥቂት ነበሩ። ማሽኗ እንደምትሞት እያወቁ የመጡ፣ እንደማይሸጥላቸው እያወቁ የሠሩ። በእኔ ቤት ከሁሉም የሚከበሩት እነሱ ናቸው። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት እያልኩ ጻፍኩላቸው።

ከዚያ የየዓመቱን አማካይ በነጥብ አድርገሽ በመስመር አገናኚ አለኝ። አገናኘሁ። ወረቀቱን ትራሱ ላይ አስደግፎ አየውና "እንግዲህ?" አለኝ። ፈገግ ብሎ፣ ሊታገለኝ ተዘጋጅቶ።

"አሸንፈሃል ጋሼ" አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። "እንዲህ በቀላሉ?" አለኝ።

እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩ። እትዬ ስትሠራው የነበረውን አቆመች። እሱ እኔን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና እኔን። ሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ ሲኮርጅ በዓይኑ የያዘ ሰው ነው። ምናለ አንድ ቃል ብከራከረው ኖሮ! ልማዴን ባልረሳ፣ እርሳሱን ወረወር አድርጌ ብጮኽበት ኖሮ፣ በድሉ ይኖር ነበር። አሸንፈሃል በማለቴ ነው ያሸነፍኩት። ምን ዓይነት ማሸነፍ ነው ይሄ?

"ዓመታት እንዲህ ተሰልፈው አይወርዱም፣ አንዱ ይወርዳል አንዱ ይወጣል" አለ፣ ለራሱ። ቆየና "ባቡሮቹን አምጪያቸው" አለኝ።

አላመጣም አልኩ። አምጪ አለኝ። እትዬ "እባክህ" አለችው። አመጣሁ።

ሁለት ባቡር ናቸው መጀመሪያ የሚመጡት፣ ሕፃን ያሳልፋቸዋል። ተጋጩ። ደገመው። ተጋጩ። በሦስተኛው ቁልፉን በእጁ ጀርባ ሊጫነው ሞከረ። ከዚያ ትንሿን ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

"ጌሙ ያው ነው" አለ።

ወረቀቱን ስጪኝ፣ አይ፣ አንቺ ያዢው አለኝ። ከታች "አንደኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ዓመት" የሚለውን አሰርዞ የተጫወተበትን ቀን አስጻፈኝ። ጥቅምት 18። ኅዳር 2። ኅዳር 16... እየጠራልኝ። አንዱንም አልተሳሳተም።

ጥር 3

ሐኪሙ ዘንድ። ወረቀቱን ይዞ ገባ፣ ማለቴ እኔ ይዤለት። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ አየው። ማን አዘጋጀው አለ። ስንት ታማሚ አይቻለሁ፣ ራሱን እንዲህ የለካ ግን አላየሁም አለ። ጋሼ እንደ ተመሰገነ ተማሪ ቀና አለ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ጋሼ ማስመሪያ ይኖርዎታል አለው። ሐኪሙ ከመሳቢያው አወጣ። ጋሼ እኔን "ነጥቦቹ ላይ አስተኚውና ቀጥዪው" አለኝ። ገና ያልመጡትን ቀናት እያለፍኩ እስከ ታች አሰመርኩ። መስመሩ ዜሮን የነካው የካቲት ሁለት ላይ ነው።

ሐኪሙ "በሽታ በማስመሪያ አይሄድም" አለ።

"ቀስ ይላል ማለትዎ ነው?"

ሐኪሙ ወረቀቱን አጠፈና ፋይሉ ውስጥ ከተተው። ጋሼ ዜሮው የእጅ ነው፣ ከእጅ በኋላስ ብሎ ጠየቀው። ንግግር አለ ሐኪሙ፣ መዋጥ፣ ከዚያ መተንፈስ። እንደ ጣቢያ ስም ነው የዘረዘረው። ሌላ እንዴት ሊለው ይችላል?

ጥር 12

ጋሼ ፈተናው ተሰርዟል አለ። "አፈጻጸሙ ጉድለት ስላለበት ውጤቱ አይያዝም፣ ጥያቄው እንዳልተመለሰ ይቆጠራል።" አሁን ተጫዋቿ እኔ ነኝ፣ ፈራጁ እሱ። ጌሞቹንም፣ ከየዓመቱ ሦስት ሦስት ብቻ፣ በተራ ሳይሆን እትዬ ዓይኗን ጨፍና ከከረጢት ታወጣለች። "ይሄን ከመጀመሪያው ማሰብ የነበረብሽ አንቺ ነሽ፣ ሥራሽ አይደለም እንዴ?" ብሎ ወጋኝ። ቀልዱን ነው። የወጋኝ ግን የእውነት ነው።

በጣም መጥፎ ተጫዋች ነኝ። "ግራ! ኧረ ግራ! ግራሽን ማን ሰረቀው?" እያለ... ለአንድ ሰዓት ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ። ሲናገር ግን ቃላቱ ጫፋቸው መላላት ጀምሯል። "ሰረቀው" ሲል ሁለት ጊዜ ሞከረ።

ጥር 30

በሦስት ሳምንት ዘጠኝ ጌም ብቻ። መሃል ላይ ይደክመዋል። እትዬ በማንኪያ ታበላዋለች። ስታበላው ወደ መስኮቱ ያያል፣ እሷም ወደ መስኮቱ ታያለች።

ሥራ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ የተበላሸ ቀለም አሳለፍኩ። አለቃዬ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 3

ማስመሪያው አልተሳሳተም።

የካቲት 21

የሚለውን ሁሉ የምትረዳው እትዬ ብቻ ናት። እሷ ትተረጉምልኛለች። ዛሬ የሆነ ጌም እየተጫወትኩ ረጅም ነገር ተናገረ። ምን አለ አልኳት። "ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ ነው ያለው" አለችኝ። የሁለተኛውን ዓመት እየሰደበ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት 5

ከረጢቱ ውስጥ የቀረችው ድመቷ ብቻ ነበረች። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በጠዋቱ ሄድኩ። አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ ትንሿን በደንብ እንዲያያት ከፍ አድርጌ ያዝኳት። መጋረጃውን እትዬ ከፈተችው።

ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አልቆጠርኩም። እሱ ያየኛል። ግራም አላለኝ፣ ቀኝም አላለኝ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አውራ ጣቴ ዝላዩን አገኘው። ጣሪያ፣ ጣሪያ፣ ጣሪያ... መጨረሻው ጣሪያ ላይ ድመቷ ተጠቅልላ ተኛች። በሕይወቴ አድርሻት አላውቅም ነበር። እሱም በድሮ እጁ አላደረሳትም።

"ስንት ጋሼ?" አልኩት።

አንድ ቃል አለ። ለዚህች ቃል እትዬ አላስፈለገችኝም። "አሥር" ነው ያለው። ለየትኛውም ጌም፣ ለማንም ተማሪ አሥር ሰጥቶ አያውቅም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፈራሁ። "አራተኛው ዓመት ነው ማለት ነዋ ምርጡ?" አልኩት። ጠበቅኩት። ቅንድቡን ከፍ እንዲያደርግ፣ ቢያንስ እንዲገላምጠኝ።

"እሺ" አለኝ።

እንዲያውም አንደኛው ዓመት ቆሻሻ ነበር አልኩት። ባቡሮቹም ቆሻሻ፣ አንተም የምትወዳቸው በዕድሜህ ምክንያት ነው፣ አራተኛውን ባስቀድምልህ ኖሮ ድሮ ትሸነፍ ነበር አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ እትዬ ከበሩ ብቅ አለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል።

"ጋሼ፣ እባክህ ተከራከረኝ" አልኩት።

"እሺ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።